ደጅ ጥናት በካልሲ

ነገሩ የተጀመረው በቋንጣ ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ ነው፤ ከዴንቨር ጋር አጥር በምትጋራው በአውሮራ ከተማ፣ በአንድ የዕቃ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለእረፍት ስንለቀቅ፣ እኔና አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ባልደረባዬ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ራት ይሁን ቁርስ ስም ያልወጣለትን ምግብ እንበላለን። በስሙ እንድጽፍ ስላላስፈቀድኩት ባላምባራስ እለዋለሁ፤ ጢሙም ሆነ አረማመዱ ማዕረጉን አያሳፍርም። አንድ ሌሊት ባላምባራስ ከኪሱ የደረቀ ስጋ አወጣና ቆርሶ ሰጠኝ። «የአጋዘን ነው። እኔው በቀስት የጣልኩት» አለ። ቀመስኩት፤ ጭስ ጭስ፣ ስኳር ስኳር ይላል። እኔም የአገሬ ስም እንዳይወድቅ በማግስቱ ባለቤቴ በበርበሬና በሚጥሚጣ ያሸችውን ቋንጣ ይዤለት ሄድኩ። አንዷን ጎረሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የያዘውን ውሃ ጨልጦ የእኔንም ጨለጠ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሁለተኛዋን አነሳ።

በሳምንቱ «ለመስከረም አብረን አደን እንወጣለን» አለኝ። በቋንጣ የተዋዋሉትን እንዴት ይክዷል?

«በምን ጠመንጃ?» ስለው «በቀስት ነው እንጂ» አለኝ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ስለ ጦርና ጋሻ፣ ስለ ምንሽርና አልቢን ሲወራ ሰምቼ አድጌያለሁ። ቀስት ግን የማውቀው ከዝናብ በኋላ ሰማይ ላይ ነው፤ እሱም የደመና ነው። ጠመንጃ እንደ ልብ በሚሸጥበት አገር ተቀምጬ፣ አደን ልውጣ ስል ወደ ዮናታን ወልደ ሳኦል ዘመን የምመለሰው ምን በድዬ ነው? ባላምባራስ ግን ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፦ «ከሦስት መቶ ሜትር የተኮሰ ሰው ከአጋዘኑ ጋር አልተዋወቀም፤ በቀስት ግን 30 ሜትር ድረስ ካልቀረብህ ምንም የለህም።» አባባሉ ደስ አለኝ። 30 ሜትር ማለት እኛ ቤት ከሳሎን እስከ ጎረቤት በር አይሞላም። ምን ያስቸግራል ብዬ ተስማማሁ።

ችግሩ አጋዘን ፊት ከመቅረቡ በፊት ኮሎራዶ ፊት መቅረብ ኖሯል። እዚህ አገር አጋዘን ለማደን ፈቃድ የሚገኘው በዕጣ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ማመልከቻ ይሞላል፤ የትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወቅት፣ በምን መሣሪያ የሚለው ተመርጦ ይላካል፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። ይህን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ደግሞ ለአጋዘን ዲቪ ልሞላ ነው! ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የአጋዘኑ ሎተሪ ካልደረሰህ ለመጪው ዓመት ነጥብ ይያዝልሃል፤ ነጥብህ በተጠራቀመ ቁጥር ወረፋህ ይቀርባል። በዲቪ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ አንድ ጎረቤታችን ዛሬ የኋይት ሐውስ አማካሪ ነበር፤ አሥራ አራት ጊዜ ነው የሞላው።

ደረሰኝ። ከማመልከቴ በፊት ግን የአዳኞች ትምህርት መጥቶብኝ ነበር። የኮሎራዶ ሕግ ከጃንዋሪ 1፣ 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ይህን ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም ይላል። እናቴ የተወለድኩበትን ቀን ስትጠየቅ «የሚካኤል ዕለት» ትላለች፤ የየትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነ ግን ከእኔ ጋር የተወለደው የጎረቤት ጥጃም ስለሞተ የሚመሰክር የለም። ስለዚህ ፓስፖርት ሳወጣ ጸሐፊው እንደ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 ብሎ ገላገለኝ። ቀኑስ ከሕጉ ጋር ገጥሞልኝ ነበር፤ ዓመቱ ነው ያሳጣኝ። ተማርኩ። ፀሐይ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት እስኪቀራት መተኮስ አይቻልም፤ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ካለፈም አይቻልም። ቀንዱን ይዞ የሚበላ ስጋውን ጥሎ መምጣት ደግሞ ወንጀል ነው። እዚህ ላይ የጥንቶቹን ፎካሪዎቻችንን አሰብኳቸው። የዝሆን ጭራ ይዘው አገር ሲያንቀጠቅጡ «የቀረው ስጋ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ ቢመጣባቸው ስንቱ ፉከራ ጉሮሮ ላይ በቀረ!

ቀስቱን ስገዛ ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። በሥዕል የማውቀው የታጠፈ እንጨትና ጅማት አይደለም፤ በሁለቱ ጫፍ መዘውር፣ በመሐሉ የተወሳሰበ ገመድ ያለበት፣ መኪና የረገጠው ብስክሌት የሚመስል ነገር ነው። ሆሊስ አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው ነው በ1960ዎቹ የፈለሰፈው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1969 አገኘ። ሰውየው የተባረከ ነው። የእኔ ቀስት 50 ፓውንድ ነው፤ 23 ኪሎ ገደማ። ሲስቡት መጀመሪያ ትከሻን ይገነጥላል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን መዘውሩ ይዞርና አብዛኛው ክብደት ይጠፋል፤ አምስት ኪሎ የማይሞላ ነገር ይዘህ ትቆማለህ። ቤት በብድር የገዛ ሰው ይገባዋል፤ ቅድሚያ ክፍያው ነው ጀርባ የሚሰብረው።

ሙሉ ክረምቱን 18 ሜትር ላይ የተተከለ ስፖንጅ ስወጋ ከረምኩ። በመጀመሪያው ቀን አውታሩ ሲለቀቅ የግራ ክንዴን ገረፈኝ፤ ከክርን እስከ አንጓ እንደ ወይን ጠጅ ቀላ፣ ቀጥሎም ጠቆረ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ እጅጌዬን ሰብሰብ አድርጌ ስኒ ስቀበል ያዩ እናቶች ተያዩ። አንዷ ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ምንም ቢሆን ባል ነው፤ እጅ አይነሳም» ብለው መከሯት። ባለቤቴ እውነቱን ብትነግራቸው፣ በቀስት ተጎዳ ማለቷን ይብስ ተጠራጠሩ።

የንስሐ አባቴን ደግሞ በዚያው ጠየቅኳቸው። «አባ፣ አጋዘን ይበላል?» አልኳቸው። ሲያስቡ ቆዩና «ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው?» አሉ። «አዎ።» «ያመሰኳል?» «ያመሰኳል ይላሉ።» «ዋላ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ተቆጥሯል። ብቻ ስትለቀው በስመ አብ ሳትል እንዳትለቅ» አሉኝ። ይህን ምክር ልብ ይሏል፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ እንስሳው። ፈረንጆቹ ሚዩል ዲር ይሉታል፤ የበቅሎ አጋዘን እንደማለት። ሉዊስና ክላርክ የተባሉት አሳሾች ከ1804 እስከ 1806 ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ጆሮውን አይተው ያወጡለት ስም ነው። በእነሱ ቋንቋ በቅሎ ስድብ ቢጤ ነው። እኛ ዘንድ ግን በቅሎ ማን ይቀመጣትና? አባትሽ ማነው ስትባል እናቴ ፈረስ ናት ብላ ብትሸሽም፣ ጀርባዋ ላይ የሚወጣው መኳንንት ነው። ስለዚህ ስሙን ስሰማ ገና ማዕረግ ሸተተኝ። መጽሐፉን ሳገላብጥ ጥርጣሬዬ ተረጋገጠ። የእኛ ድኩላና የእኛ አጋዘን አንዴ ያበቀሉትን ቀንድ እንደያዙ ይሞታሉ፤ ይህኛው ወንዱ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ክረምት ቀንዱን ጥሎ በጸደይ አዲስ ያበቅላል። አዲሱ ቀንድ ሲያድግ ከፋይ በመሰለ ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ነው የሚከርመው። ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ ሲለብስ እሱ በዚያው ሰሞን ከፋዩን ቁጥቋጦ ላይ አሽቶ ይገፈዋል። ጭራው ነጭ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። እንግዲህ ቁጠሩ፦ በቅሎ አለው፣ ከፋይ አለው፣ ጭራ አለው። ይህ ፍጥረት ደጃዝማች ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ስሙን ደጃዝማች አልኩት። ባላምባራስ ደጃዝማችን ሊያስተዋውቀኝ ነው ማለት ነው። ማዕረግ የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለጉዞው ዝግጅት ቤታችን ተጣልቶ ሰነበተ። ባላምባራስ «ልብስህ ምንም መሽተት የለበትም» ብሎ ሽታ የሌለው ሳሙና ሰጥቶኛል። ግን የሐበሻ ቤት ነው። ጠዋት ቡና፣ ቀትር ላይ ቁሌት፣ ማታ ዕጣን። ሦስት ጊዜ ያጠብኩትን ጃኬት ባላምባራስ አፍንጫው ስር አድርጎ ማገው፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ «ይህ ነገር ምንድነው? በጣም ደስ ይላል» አለ። ዕጣን ነው አልኩት። «ለእኔ ደስ ካለኝ ለአጋዘኑማ...» ብሎ ልብሱን ሁለት ሌሊት ደጅ ዛፍ ላይ አሳደረው።

ልብሱ ቅጠላ ቅጠል የተሣለበት ነው፤ እኛ ሬንጀር የምንለው። እሱን ለብሼ ለእናቴ በቪዲዮ ስደውልላት ፊቷ ጭልም አለ። «ወሰዱህ?» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። በደርግ ዘመን ታላቅ ወንድሜን ከአፈሳ ለማትረፍ ጎተራ ውስጥ ሰባት ቀን የደበቀች ሴት ናት። «እማዬ፣ አደን ነው፤ በገዛ ፈቃዴ ነው» አልኳት። ትንፋሿ ሲመለስ ቁጣዋም አብሮ ተመለሰ። «አሜሪካ ስጋ ቤት ጠፋ? ደግሞ በቀስት! ልጆቹ ያያሉ፣ አታፍርም?» ያንኑ ዕለት ሻማ አበራችልኝ፤ ለእኔ ይሁን ለአጋዘኑ አልነገረችኝም።

ሐሙስ ማታ ተነሳን። በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ላይ ተራራ የሚበሳውን የአይዘንሃወርን መሿለኪያ አልፈን፣ የግሌንዉድን ሸለቆ አቋርጠን ነዳን። ከዚያ ባላምባራስ ወደ ቀኝ ታጠፈ። የከተማዋን ስም አንብቤ ዓይኔን አሸሁ፤ ራይፍል ትባላለች። ጠመንጃ ማለት ነው። በቀስት ለማደን በጠመንጃ በኩል ነው መታጠፊያው! ከዚያ በ13 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን፣ ሚከር የምትባል ትንሽ ከተማ። ኋይት ሪቨር የሚባለው ወንዝ በዚያ ይፈሳል፤ ቴዎዶር ሩዝቬልትም ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1901 መጀመሪያ ላይ፣ በዚሁ አካባቢ አድኗል። ከእሱ በፊት ደግሞ አገሩ የዩት ሕዝብ ነበር። የዱር በግ ቀንድ ተጠርቦ በጅማት ተጠናክሮ የሚሠራ ቀስት ነበራቸው፤ መዘውር የለ፣ ማነጣጠሪያ የለ። በ1881 ግን ከርስታቸው ተነቅለው ወደ ዩታ ተሰደዱ። ይህን ባላምባራስ እሳት ዳር ሲነግረኝ፣ ብስክሌት የመሰለውን ቀስቴን ብርድ ልብስ ስር ደበቅ አደረግኩት።

አንድ ነገር ብቻ አኮራኝ። ባላምባራስ መንገዱን ሙሉ ስለ ከፍታው ሲያስጠነቅቀኝ ነው የመጣው፤ ውሃ ጠጣ፣ ራስህን ያምሃል፣ ትንፋሽ ያጥርሃል። ዴንቨር ከባሕር ወለል አንድ ማይል ከፍ ብያለሁ ብላ የምትፎክር ከተማ ናት፤ አንድ ማይል ማለት 1,609 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት። «ባላምባራስ፣ እኔ እናንተ ዘንድ የምኖረው ቆላ ወርጄ ነው» አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ዳገቱን ስንጀምር ሃያ እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ከፍታው አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት የበላሁት ፒዛ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዓርብ ነበር፤ ጾም። ስንቄ በሶና ቆሎ ነው። ገና ሳይነጋ አንድ ጥድ ስር ተጎልተን ተቀመጥን። ሲነጋ ያየሁትን ለመናገር ይከብደኛል። አስፐን የሚባለው ዛፍ በመስከረም ቅጠሉ ሁሉ ወርቅ ይሆናል፤ ተራራው ሙሉ አደይ የፈነዳበት መሰለኝ። አገሬን አሰብኩ። አገሩን ያሰበ ሰው ደግሞ እጁ ወደ ኪሱ ይገባል፤ ኪሴ ውስጥ ቆሎ አለ። በዚያ ቅጽበት ከቁጥቋጦው ሁለት ሴት አጋዘንና አንድ ወጠጤ ብቅ አሉ፤ 40 ሜትር አይሆኑም። አፌ ውስጥ ያለችው ሽምብራ ነበረች። ዋጥ ብላት አትዋጥ፤ ልትፋት አልችል። ቀስ ብዬ ልሰብራት ጥርሴን ገጠምኩ። «ቀጭ» አለች።

ስድስት ጆሮ ወደ እኔ ዞረ። ጆሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የድሮ የሳተላይት ሰሃን አስቡ። አንድ አፍታ አየት አደረጉኝና ጠፉ። ባላምባራስ ቀስ ብሎ ዞር አለ። እንዴት እንደሚሰድበኝ ስጠብቅ እጁን ዘረጋ። ቆሎ ሰጠሁት። አላምጦ «ጥሩ ነው» አለ፤ «ግን የሚበላው ነፋስ ሲነፍስ ነው።»

ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው ደጃዝማችን ያየነው። አጋዘን ጠዋትና ማታ ይግጣል፤ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ባላምባራስ መነጽሩን ለግማሽ ሰዓት አንድ ገደል ላይ ተክሎ ቆየና «ያቺን ጥላ እይ» አለኝ። ሣርና ድንጋይ ነው ያየሁት። «ከድንጋዩ በስተግራ።» ድንጋዩ ጆሮውን አራገበ። ከጆሮው በላይ ቀንዱ እንደ ሹካ ሁለት ሁለት እየተከፈለ ወጥቷል፤ ከፋዩን ገፎ ጨርሶ ያብረቀርቃል። ከእኛ 400 ሜትር ይርቃል።

የመቅረብ ጥበብ የሚባለውን ያን ቀን ተማርኩ። ቀን ሞቆ ሳለ ነፋስ ዳገት ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ቀትር ላይ ከበላይ በኩል ነው የሚቀረበው፣ ያኔ ሽታህ ከአንተም በላይ ይሄዳል። እናቴ ይህን ከማጀቷ ጭስ ታውቀዋለች፤ እኔ ግን በትምህርት ነው የደረስኩበት። ከበላይ ዞረን 100 ሜትር ላይ ስንደርስ ባላምባራስ ቆመ። «ከዚህ ብቻህን ነህ። ጫማህን አውልቅ» አለኝ።

«ምን?»

«ጫማ ይጮሃል። የአበበ ቢቂላ አገር ሰው አይደለህ?»

ፈረንጅ አበበን ከጠራብህ መመለሻ የለህም። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ባለበት ታሪክ፣ እኔ በካልሲ 70 ሜትር መሄድ እምቢ ልል ነው? ግን እስቲ አስቡት። በልጅነቴ ጫማ አጥቼ ነው በባዶ እግሬ ከብት የጠበቅኩት። ጫማ ለማግኘት ብዬ ነው ባሕር የተሻገርኩት። ባሕር ተሻግሬ፣ 180 ዶላር የቦት ጫማ ገዝቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ አሁን ዳገት ላይ አውልቄ በእጄ ልይዘው ነው። አወለቅኩት።

ያን 70 ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ እግር አንስተህ፣ ከስሩ ጭራሮ እንዳለ በጣትህ ዳብሰህ፣ ክብደትህን ቀስ አድርገህ ታሳርፋለህ፤ ነፋስ ሲመጣ ትራመዳለህ፤ ነፋስ ሲቆም ትቆማለህ። መሐል ላይ መሬት ላይ የሚሳብ ቁልቋል ረገጥኩ። ሰው ሲወጋው «ወይኔ» ማለት የተፈጥሮ መብቱ ነው፤ እኔ ግን መብቴን ዋጥኩት።

ያኔ ነው የገባኝ። ይህ አደን አይደለም፤ ደጅ ጥናት ነው። ከጌታ ደጅ ቆመህ፣ ሳትሳል፣ ሳታስነጥስ፣ ዓይኑ ባየህ ጊዜ የሌለህ መስለህ፣ እሱ በገዛ ፈቃዱ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። በዚህ ሙያ ደግሞ የሚያክለኝ ያለ አይመስለኝም። ከቀበሌ እስከ ኤምባሲ ስንት ደጅ ጠንቻለሁ! ነገ ና ተብዬ ነገ የሄድኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ስብሰባው እስኪያልቅ በር ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። ልዩነቱ እነዚያ ደጆች ላይ ጮክ ብዬ ብናገርም የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። ይህኛው ጌታ ግን ሁለመናው ጆሮ ነው።

28 ሜትር ላይ ደረስኩና አንድ ድንጋይ ጀርባ ተንበረከክኩ። ባላምባራስ «የተኛ አጋዘን ላይ አትተኩስ፤ አታስነሣውም፤ ራሱ ይነሳል» ብሎኛል። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ቤት ሠራች። ግራ እግሬ ደነዘዘ። ደጃዝማች ግን ዓይኑን ጨፈን ገለጥ እያደረገ ያመሰኳል፤ መንጋጭላው ሲፈጭ ድምፁ ይሰማኛል። የአባን ጥያቄ በዓይኔ መለስኩ። ያመሰኳል፣ አዎ። እንዲህ ቅርብ ሆኜ የዱር እንስሳ ሳይፈራኝ ሲኖር አይቼ አላውቅም። የምጠብቀው ለምን እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ረስቼው ነበር።

አሥር ሰዓት አልፎ ተነሳ። የኋላ እግሩን አስቀድሞ፣ ከዚያ ጀርባውን አንጠራርቶ፣ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ቀስቱን ሳብኩ። 23 ኪሎ መሆኑ ትዝ አላለኝም። መላ ሰውነቴ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል። ማነጣጠሪያዋን ከትከሻው ኋላ አሳረፍኩ። ልለቅ ስል አባ ትዝ አሉኝ።

«በስመ አብ...» አልኩ።

በሹክሹክታ ነው ያልኩት። ግን የሐበሻ ሹክሹክታ ነው፤ ሌላው ሕዝብ ንግግር የሚለው። ሁለቱ ጆሮዎች እንደ በር ተከፈቱና ወደ እኔ ዞሩ። «ወወልድ» ስል ጭንቅላቱ ዞረ። «ወመንፈስ ቅዱስ» ስል ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ። «አሐዱ አምላክ» ላይ ፍላጻውን ለቀቅኩ፤ እሱም አብሮ ለቀቀ። ፍላጻው ባዶ በቀረው ቦታ አልፎ አንድ ነገር «ጠቅ» ሲል ሰማሁ። ደጃዝማች አራት እግሩን በአንድ ጊዜ እያነሳ፣ በአንድ ጊዜ እያሳረፈ፣ እንደ ኳስ እየነጠረ ዳገቱን ወጣ። 100 ሜትር ያህል ላይ ቆመና ዞሮ አየኝ። ይህ የዘሩ ልማድ ነው አሉ፤ ሲሸሽ ቆም ብሎ ኋላውን ያያል። እኔን ግን ያየኝ ባለጉዳዩ ማን እንደነበር ለማወቅ ይመስለኛል። «አሜን» አልኩና ቁጭ አልኩ።

ባላምባራስ ጫማዬን አንጠልጥሎ ወረደ። ከላይ ሆኖ በመነጽር ሁሉንም አይቷል። አዝኖ ይሆናል ስል እጄን ጨበጠኝ። «ስንት ሜትር ደረስክ?»

«28።»

«እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ ከመቶ አላለፍኩም» አለ።

ፍላጻውን ፈለግን። አንድ የደረቀ ጉቶ መሐል ለመሐል ተሰክቶ ቆሟል፤ በእውነቱ ጉቶው አጋዘን ቢሆን ኖሮ ልቡ ላይ ነው። በቢላዋ ፈልቅቀን ስናወጣው ደሜ ፈላ። የአባቶቼ ደም ነው፤ ሜዳ ወጥቶ ዝም ብሎ መግባት አያውቅም። ቀስቴን ወደ ላይ አነሳሁና ሸለቆው እስኪያስተጋባ ጮህኩ፦

«ዘራፍ! ገዳይ፣ የጉቶ ገዳይ፣
ሦስት ሰዓት ተስቦ ጆሮ ሊያይ!»

ባላምባራስ ትርጉሙን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በዚያ ሸለቆ ለዚያ ቀን የቀረ አጋዘን ካለ የሰማነው አይመስለኝም፤ እሱ ግን እኛን ሰምቷል። ማታ እሳት ዳር ሳስበው ግን አንድ ነገር ቆጨኝ። ጥሎ ለገባ ስንት ዓይነት ፉከራና ቀረርቶ ያለን ሕዝብ፣ ሦስት ሰዓት ዝም ብሎ 28 ሜትር ለደረሰ አንድ ስንኝ የለንም። ሁሉም ግጥማችን ከተኩሱ በኋላ ነው የሚጀምረው።

እሁድ ማታ ቤቴ ስገባ ለመስቀል የመጡ እንግዶች ጠበቁኝ። በር ላይ ነው የተያዝኩት። «ጣልክ?» አሉኝ በአንድ ድምፅ። ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ቁልቋሉን ትንሽ አገዘፍኩት። ባለቤቴ ስልኳን አውጥታ ሒሳብ ጀመረች። ቀስቱ፣ ፍላጻዎቹ፣ ጫማው፣ መነጽሩ፣ ነዳጁ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና። ደምራ ስትጨርስ ጮክ ብላ አላነበበችውም፤ ለእንግዶቹ እያዞረች አሳየች እንጂ። «በዚህ ብር ቅርጫ ብንገባ» አለች፣ «እስከ ፋሲካ ስጋ አይጠፋም ነበር።» ቅርጫ ገብታ ኖሯል። ማቀዝቀዣው ውስጥ የእኛ መደብ ተቆራርጦ ተቀምጧል።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ስቼዋለሁ ስላት «ተመስገን» አለች፤ «አንተም ተረፍክ፣ እሱም ተረፈ።» ሻማው ለማን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ፍላጻው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጫፉ ላይ የጉቶው ፍርፋሪ አሁንም አለ። የዘንድሮውን ማመልከቻ ሞልቼ ልኬያለሁ፤ ያው ቀበሌ፣ ያው ወቅት፣ ያው ቀስት። በስመ አብን ከቤት ብዬው እንድወጣ አባ ፈቅደውልኛል። ካልደረሰኝም ነጥብ ይያዝልኛል።